ሲወድቅ በእጁ የነበረው ቁጥር

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ጃንጥላዬን ታክሲ ውስጥ ረሳሁ። ደግሞ! እማዬ "ጭንቅላትሽ አንገትሽ ላይ ባይያያዝ እሱንም ትረሺው ነበር" አለችኝ። ምን ልበላት... እውነቷን ነው።

ቢሮ ያው ነው። ተስፋሁን ጠዋት "ኢየሩስ፣ ያቺን ቁልፍ አረንጓዴ አድርጊያት" አለ። አረንጓዴ አደረግኳት። ከሰዓት ተመልሶ "ሰማያዊ ብትሆንስ?" ሰማያዊ። ሥራዬ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሰው የሚያየውን ስክሪን እሠራለሁ። የፕሮግራሙን ውስጥ የሚጽፈው እሱ ነው። አለቃም እሱ፣ የድርጅቱ ባለቤትም እሱ። ፒያሳ ላይ ሳይፈርስ የተረፈ አሮጌ ፎቅ ላይ እሱና እኔ ብቻ... ኬብል መዘርጋት ሲኖር ሰው እንጠራለን።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ እሸቴ ደወሉ። ጊዮርጊስ ጀርባ ያለው የወይዘሮ ኡሙሀኒ የመድኃኒት መጋዘን ስቶር ኪፐር ናቸው። ታኅሣሥ ላይ የማቀዝቀዣ ክፍላቸውን ሙቀት የሚጠብቅ ፕሮግራም ተክለንላቸው ነበር። ሙቀቱ ከፍ ሲል አላርም ይጮኻል፣ ስልክም ይደውላል። አጠቃቀሙን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

"ልጄ፣ ዛሬም በሩን ገና ከመክፈቴ ጮኸብኝ። ጆሮዬን በላው እኮ!"

"ጋሼ፣ ለዚያ ነው የተሠራው።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ... ላማርር ነው የደወልኩት።"

ሳቅን።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ደሞዝ ገባ። ጳጉሜን እንግዲህ እንደ ሁልጊዜው በነጻ ነው የሚሠራው። ማን እንደፈጠረው እንጃ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ከማለዳ ጀምሮ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ሲጨፍሩበት እማዬ በመስኮት እጇን አውጥታ አስነካች፣ እኔንም ካልነካሽ አለችኝ። ነካሁ። ደህና ቀን ይሆናል ብዬ...

አልሆነም። ቢሮ ሳልደርስ ተስፋሁን ደወለ። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ኡሙሀኒ መጋዘን ሄድን። ትናንት እሁድ ማንም በሌለበት መብራት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩም አልተነሳም። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ሞቆ ነው የተገኘው። አላርሙ ትንፍሽ አላለም። ስልክም አልደወለም። ያ ሁሉ ኢንሱሊን... የስኳር ሕመምተኛ የሚጠብቀው መድኃኒት። ተበላሸ።

ኮምፒውተሩ የራሱ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፣ ፕሮግራሙ ግን የለም። ተስፋሁን ስክሪኑን አንዴ አየት አደረገና "ሰው ነው የዘጋው" አለ። ወዲያው! ምንም ሳይመረምር!

ወይዘሮ ኡሙሀኒ ዞር ብለው ጋሽ እሸቴን አዩ። እስከ ዛሬ "እርስዎ" የሚሏቸውን ሰውዬ፣ ጫኝና አውራጆቹ ሁሉ ቆመው እያዩ፣ "ጆሮዬን በላው ስትል አልነበር? አንተ ነህ የዘጋኸው!" አሉ።

"አልነካሁትም" አሉ ጋሽ እሸቴ።

"ከዚህ ውጣልኝ። በዓሉ ይለፍ እንጂ ለፖሊስ ነው የምሰጥህ።"

ወጡ። ዝናቡ ውስጥ... ኮፍያቸውን እንኳ አላደረጉም። እኔ ምን አልኩ? ምንም።

አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ። ተስፋሁን ከሴትዮዋ ጋር ሲያወራ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ፈተሽኩ። ኮር ፋይል አለ! ፕሮግራም በራሱ ሲወድቅ ሲስተሙ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁሉ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ኮር የሚባለው እሱ ነው። ሰው በሥርዓት ከዘጋው ኮር አይኖርም። ቀኑን አየሁ። ጳጉሜን 1። ቅዳሜ ነው የሞተው፤ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት።

ተስፋሁን ከኋላዬ መጥቶ "ዲስኩ ላይ ያለውን ኮተት አጽጂው፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሊያሽጉት ነው" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ወደ ፍላሽ ገለበጥኩና ዋናውንም እዚያው ተውኩት። ኮሩም ከነኮምፒውተሩ ታሸገ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ "እሺ" ብዬ አላውቅም።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ሪፖርት ጽፎ ጠበቀኝ። "ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ተዘግቷል" ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም።

"ፈርሚ። ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ።"

"ኮሩን አይተኸዋል?"

"የምን ኮር?"

"ቅዳሜ የወደቀውን።"

ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ ሳቀ። "ኢየሩስ፣ አንቺ ቁልፍ ቀቢ። ሬጅስተር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዲበገር ከፍተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እውነት ነው፣ አላውቅም። "እማራለሁ" አልኩት። "እሱን ግን አልፈርምም።"

"ከበዓል በኋላ ትፈርሚያለሽ።"

እስቲ እናያለን!

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። እማዬ ሽንኩርት እንድከትፍላት ጠርታኝ ጠርታኝ ተወችኝ። በራሴ አፍ ልጻፈው፤ መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ አሁን የሚሠራበትን ቁጥር የሚይዝባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉት። ሬጅስተር ይባላሉ። ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት በእጁ የያዘው ማለት ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጧል፣ እነዚህ ግን እጁ ላይ ናቸው። ከእነሱ አንዱ "የትኛው መስመር ላይ ነኝ" የሚለውን ይይዛል።

ዲበገር ደግሞ እነዚህን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እኔ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ዘው ብሎ ገብቶ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ፋራ! አይገባም። የሚያየው ከከርነሉ ለምኖ ነው፤ ከርነል ማለት ፕሮግራሞቹን ሁሉ የሚያዘው ነው። ፕሮግራሙ ሕያው ከሆነ "ያንን አስቁምልኝ" ይለዋል። ከርነሉ ያስቆመዋል፣ በእጁ የነበረውንም ተቀብሎ ያስቀምጥለታል፣ ሲቀጥል መልሶ ያስይዘዋል። ዲበገሩ የሚያየው ያንን የተቀመጠውን ነው። ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም። መለወጥም ይችላል! ፕሮግራሙ የተለወጠውን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል፤ ምንም አይጠረጥርም።

ከሞተ ግን የሚቆም የለም። ከርነሉ የመጨረሻውን ሬጅስተር ኮሩ ውስጥ ጽፎ ይተዋል። ዲበገሩ ከፋይሉ ያነበዋል። ማየት ይቻላል፣ መለወጥ አይቻልም። ምኑን ትለውጪዋለሽ፣ ሞቷል እኮ።

ገብቶኛል። ተስፋሁን ይሄን ነው በሰባት ቁልፍ ቆልፎ የደበቀው?

መስከረም 1፣ ሐሙስ

በዓል። ጋሽ እሸቴ ጋ ለእንኳን አደረሰዎ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ኮሩን ከፈትኩ። አንድ መመሪያ ላይ ያለውን ትእዛዝ ተራ በተራ እየቀዳሁ... ሬጅስተሮቹ ተደረደሩ። "የትኛው መስመር ላይ ነበርክ?" ብዬ ብጠይቀው "ተራዬን እየጠበቅኩ ተኝቼ ነበር" የሚል መልስ። እንዴ! ወድቆ የሞተ ፕሮግራም እንዴት ተኝቶ ይገኛል? በእጁ የያዘው ሁሉ ደህና ነው። አንድም የሚጠረጠር ቁጥር የለም።

ታዲያ እውነትም ሰው ዘግቶት ይሆን? ጋሽ እሸቴ ሳያውቁት ነካክተውት... ምን ነካኝ? አይ። አልነካሁትም ብለዋል፣ አልነኩትም!

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ቤታቸው ሄድኩ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጠባቡ ቅያስ ውስጥ። ባለቤታቸው እትዬ አባይነሽ በሩን ከፍተው "ደግሞ ምን ልትሉት መጣችሁ?" አሉኝ። ከድርጅቱ ነኝ ስላልኳቸው ነው። ጋሽ እሸቴ ከውስጥ "ተያት፣ ልጅቷ ናት" አሉ።

አሥር ዓመት ያረጁ መሰለኝ። ጢማቸውን አልተላጩም። "ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ እንኳ የሚጎዳው ባለንብረቱን ነው። እኔ የበሽተኛ መድኃኒት አበላሸ ነው የተባልኩት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ያየኛል" አሉ።

"ወይዘሮ ኡሙሀኒ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ለፖሊስ ልሰጥ ነው ብለዋል አሉ" አሉ እትዬ አባይነሽ።

"አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ብለሽ እንጀራሽን እንዳታጪ" አሉኝ ጋሽ እሸቴ።

"እሱ እርስዎን አይመለከትዎትም!" ብዬ ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ! አፈርኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። በዓሉ ከገባ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።

መስከረም 5፣ ሰኞ

አገኘሁት!!!

ደደብ፣ ደደብ፣ ደደብ እኔ! ፕሮግራሙ አንድ ሠራተኛ ብቻ አይደለም ያለው። ውስጡ ብዙ ናቸው፣ ትሬድ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሬጅስተር አለው። ኮሩ ውስጥም ለየብቻ ነው የተጻፉት። እኔ መመሪያውን ዝም ብዬ ስቀዳ ወደ ሁለተኛው ተሻግሬ፣ በሰላም የተኛውን ስመረምር ነው የከረምኩት። የወደቀው ሌላው ነው!

ወደ እሱ ተመለስኩ። የነበረበት መስመር፦ የወሩን ስም ከሠንጠረዥ የሚያነሳው። በእጁ የያዘው ቁጥር፦ አስራ ሦስት።

አስራ ሦስት... ጳጉሜን!

ሠንጠረዡን ከፈትኩ። መስከረም፣ ጥቅምት... ሐምሌ፣ ነሐሴ። አለቀ። ጳጉሜን የለችም! አስራ ሦስተኛዋን ፍለጋ ከሠንጠረዡ ማዶ ሄደ፣ እዚያ ያገኘውን እርባና ቢስ ቁጥር አድራሻ ነው ብሎ ተከተለ፣ ወደቀ። ከእሱ ጋር ፕሮግራሙ በሙሉ ሞተ። አላርሙም አብሮ። የተተከለው ታኅሣሥ ነው፤ ጳጉሜንን በዕድሜው አይቷት አያውቅም።

ቆይ፣ ቆይ... ያገሬ ሰው እንዴት ጳጉሜንን ይረሳል? የሠንጠረዡን አመጣጥ አየሁ። ተስፋሁን ከድሮው የደሞዝ ፕሮግራሙ ነው የገለበጠው። በመጀመሪያ የሸጠው፣ ስም ያወጣበት ሥራው። ደሞዝ ላይ ጳጉሜን የለችም! ማንም አይከፈልባትም፤ ስለዚህ እዚያ አስራ ሁለት ልክ ነው። ያንኑ አንስቶ ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፈው። ኢንሱሊን በጳጉሜን አይሞቅም ያለው ማነው?

ሳቅኩ። ብቻዬን ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ። አስተናጋጇ ሁለቴ አየችኝ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ጋሽ እሸቴ ትዝ አሉኝ።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ለተስፋሁን አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

"ማን ያውቃል?"

"አንተና እኔ።"

"ጥሩ። በጸጥታ እናስተካክለዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ውስጡንም አብረሽኝ ትጽፊያለሽ። ይሄንን ደግሞ ራስሽ መማርሽ... አላስቀናሽኝም አልልም።"

እንዴት ስመኘው የነበረ ነገር ነው! ከአንድ ሳምንት በፊት ቢለኝ እዘል ነበር።

"ጋሽ እሸቴስ?"

"እንዳይታሰሩ እለምንላቸዋለሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቢሰናበቱስ? ጡረታቸው እንደሆነ ደርሷል።"

"ትለምንላቸዋለህ? አንተ?!"

"ኢየሩስ፣ ድርጅቱ ከተዘጋ አንቺም መንገድ ላይ ነሽ።"

ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ወይዘሮ ኡሙሀኒ ጋ ደወልኩ። ራሳቸው አነሱ። "ለፖሊስ ከመሄድዎ በፊት አንዴ ይስሙኝ" አልኳቸው። "ሐሙስ ነይ፤ አለቃሽም ይምጣ" አሉ። ዘጉ።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

እንዳይረሳኝ ሁሉንም ልጻፈው።

መጋዘኑ ተከፍቷል፣ ኮምፒውተሩም ማኅተሙ ተነስቶለታል። ሙቀቱን የሚለካው የሴንሰሩ ሳጥን ብቻ እንደታሸገ ነው። ማቀዝቀዣው ባዶ። ተስፋሁን ቀድሞኝ ደርሶ ፕሮግራሙን አስነስቶ ጠበቀኝ። በክራቫት! "ይኸው እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ምን ጉድለት አለው?" እያለ ለወይዘሮ ኡሙሀኒ ያስረዳል። ጋሽ እሸቴ በር አጠገብ ቆመዋል። ግቡ ያላቸው የለም።

ኮሩን አሳየኋቸው። እዚያው ማሽን ላይ ያለውን፣ ታሽጎ የከረመውን። አስራ ሦስት የምትለዋን ሬጅስተር በጣቴ ነካሁላቸው። ጳጉሜንን ነገርኳቸው። ወይዘሮ ኡሙሀኒ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

ተስፋሁን ሳቀ። "ወይዘሮ ኡሙሀኒ፣ ይሄ የሬሳ ፋይል ነው። ወደቀ ይላል እንጂ ለምን ወደቀ አይልም። አስራ ሦስት የሚል ቁጥር በሺህ ቦታ ይገኛል። ሰውየው ገመድ ሲጎትቱ ቢሆንስ? ሕያውን እዩ! ሲሠራ አላያችሁም?"

ወይዘሮ ኡሙሀኒ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ነጋዴ ነኝ። ይሄ ቁጥር ምንም አይነግረኝም። በዓይኔ አሳይኝ።"

"በሕያው ላሳይዎት እችላለሁ" አልኩ።

"ቀን መቀየር አይቻልም" አለ ተስፋሁን ፈጠን ብሎ። "ቀኑ ከሴንሰሩ ሳጥን ነው የሚመጣው፤ ሳጥኑ ታሽጓል።"

"ሳጥኑን አልነካም። ፕሮግራሙን አስቁሜ በእጁ የያዘውን ነው የምለውጠው።"

ያኔ ነቄ አለ። ፊቱ ላይ አየሁት። ከርነሉ ማንም ተነስቶ የሌላውን ፕሮግራም እንዲያስቆም አይፈቅድም፤ የዋናው አዛዥ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ያለው ደግሞ እሱ ጋ ብቻ።

"አልሰጥም። የደንበኛ ማሽን ላይ ቀልድ የለም።"

"ማሽኑ የማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ።

"የእርስዎ ነው፣ ግን..."

"ምን ግን አለው! አስገባላት።"

አስገባ። ጣቶቹ ሁለቴ ተሳሳቱ።

መጀመሪያ አላርሙ መሥራቱን ማሳየት ነበረብኝ። "ጋሽ እሸቴ፣ ይምጡና ከሳጥኑ የወጣውን የሴንሰሩን ጫፍ በእጅዎ ይያዙልኝ።"

"እኔ? አልነካም!"

"እኔ ነኝ ያልኩዎት።"

መጡ። ያዙት። የእጃቸው ሙቀት ደረሰውና አላርሙ ጮኸ። ጆሮ ይበጥሳል፤ እውነታቸውን ነው ሰውየው! መልሰው ለቀቁት፣ ዝም አለ።

ዲበገሩን ሕያው ፕሮግራሙ ላይ አስያዝኩት። የስክሪኑ ሰዓት ቀጥ አለ። "የወር ስም የሚነሳበት መስመር ላይ ስትደርስ ቁም" ብዬ ለቀቅኩት። ሴንሰሩ ቀጣዩን ንባብ ላከ። ቆመ። ሬጅስተሩን አየሁ።

"ያንብቡት" አልኳቸው።

"አንድ" አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ።

"መስከረም ማለት ነው። አሁን ጳጉሜን አደርገዋለሁ።" አስራ ሦስት ጻፍኩ። እንደገና አሳየኋቸው። "ሌላ ምንም አልነካሁም። ልልቀቀው?"

"ልቀቂው።"

ለቀቅኩት። ወዲያው ወደቀ። ያው መስመር፣ ያው ቁጥር። ዲበገሩንም አላቀቅኩት። ስክሪኔ... ሰማያዊዋ ቁልፌ ሁሉ... ጠፋ።

"ጋሽ እሸቴ፣ ይያዙት።"

ያዙት። በሁለት እጃቸው። ጠበቅን። ምንም። ይበልጥ ጨበጡት። ጫኝና አውራጆቹ ከውጭ ሲጯጯሁ ይሰማል። ከአላርሙ ምንም።

ጋሽ እሸቴ ሴንሰሩን እንደያዙ ቀና ብለው ወይዘሮ ኡሙሀኒን አዩ። "አልነካሁትም ብያለሁ" አሉ።

ሴትዮዋ ተስፋሁንን "አንተ ቆይ፣ የምንነጋገረው አለ" አሉት። እኔን "ሂጂ፣ እደውልልሻለሁ።" ጋሽ እሸቴን ምንም አላሏቸውም። ምንም!

መስከረም 9፣ ዓርብ

ተባረርኩ። በመልእክት ነው የላከልኝ፤ "ከዛሬ ጀምሮ እንዳትመጪ"። እንኳን!

እማዬ "በምን አባረረሽ?" አለች። ነገርኳት። ሽንብራዋን እየለቀመች ሰማችኝ። ስጨርስ "ጎሽ" አለች። ከዚያ ደግሞ "ጃንጥላ የምትገዢበት ግን ከየት ነው?"

መስከረም 12፣ ሰኞ

ጋሽ እሸቴ ሥራ አልገቡም! ወይዘሮ ኡሙሀኒ ክሱን ትተውታል። በሒሳብ ሠራተኛቸው በኩል "ይመለሱ" ብለው አስደውለዋል። እሳቸው እምቢ።

ሮጬ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ያ ሁሉ ልፋት!"

"ልጄ፣ እኔን ያባረሩኝ በስልክ አልነበረም።"

"ታዲያ?"

"በሠራተኛው ፊት ነበር። በእነዚያው ፊት ይንገሩኝ። አለዚያ መጋዘኑ ይቅርባቸው፣ እኔም ይቅርብኝ።"

እትዬ አባይነሽ ጓዳ ውስጥ ሆነው "አበጀህ!" አሉ።

እኔ ምን እላለሁ? ፈራሁላቸው። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ፤ ይቅርታ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም። እንዲያውም እኔ አሁን ብለምናቸው... አይ። መብታቸው ነው።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ተስፋሁን ደወለ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። ያው ሠንጠረዥ ሌሎች ደንበኞች ጋም ተተክሏል፤ የዳቦ ቤት ማቀዝቀዣ፣ የአበባ ላኪዎች... "ነይና አብረን በጸጥታ እናስተካክለው፤ ደሞዝሽም ይስተካከላል።"

"በጸጥታ አይደለም። መጀመሪያ ለእያንዳንዳቸው ደውለህ ስህተቱ የእኔ ነው በላቸው።"

"ደንበኛ አጣለሁ!"

"ጳጉሜን ስትመጣም ታጣለህ። ካልነገርካቸው እኔ በር በር እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። ፒያሳን በእግሬ ነው የማውቃት።"

"አስፈራራሽኝ?"

"አዎ።"

ዘጋው። ሻይ አፈላሁ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ኡሙሀኒ ጠሩኝ። ተስፋሁን ለሁሉም ደንበኞቹ ደውሏል አሉኝ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጎረቤታቸው ነው፣ ከእሱ ሰምተው ነው። "ፕሮግራሜን ከእንግዲህ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ፤ ውስጡንም ጭምር" አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ "ተከተይኝ" አሉ።

ግቢው ውስጥ ጫኝና አውራጆቹ በሙሉ ተሰብስበዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋም፣ ዘበኛውም። ጋሽ እሸቴ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው መሐል ቆመዋል። ሰው ልከው ነው ያስመጧቸው። ይሉታል? አይሉትም?

ወይዘሮ ኡሙሀኒ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ሳል ሳል አሉ። እኔን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

"ጋሽ እሸቴ አላርሙን አልነኩም። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። እኔ ሳላጣራ በእናንተ ፊት ሰደብኳቸው። በእናንተ ፊት አጥፍቻለሁ እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀባቸው። ግን አሉት!

ሁሉም ወደ ጋሽ እሸቴ ዞረ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላሉ ብሎ ጠበቀ። ሴትዮዋም ጠበቁ። እኔም... እንዲሉ በውስጤ እየጎተጎትኩ፣ በቃ ይበሏትና ይለፍ እያልኩ። እሳቸው ዝም። አንዱ ጫኝ እግሩን አፈራረቀ።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ በመጨረሻ። ምስጋና የለም። ጎንበስ ማለት የለም። የገዛ ስማቸውን ስለመለሱላቸው ምን ብለው ነው የሚያመሰግኑት?

ከዚያ ወደ ጫኞቹ ዞሩና "ምን ቆማችኋል? መኪናው መድኃኒት ይዞ ውጭ ፀሐይ ላይ ነው፤ አውርዱ!" ብለው ተቆጡ። ሁሉም ተሯሯጠ። ወይዘሮ ኡሙሀኒ ሳይቀሩ ከመንገዱ ዞር አሉላቸው።